በረሃ ይበርዳል

ውድ ወንድሜ፣

ካፖርትህን ልኬልሃለሁ። ነገ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት የሚነሳው የፈላጊዎቹ መኪና ይዞት ይመጣል። ይህን ደብዳቤ ከኪሱ ካገኘኸው መጀመሪያ ካፖርቱን ልበስ፤ እስከ አንገትህ ድረስ ቆልፈው። ማንበቡ ይደርሳል። አየህ፣ ዛሬም አዝሃለሁ። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው።

ከጠፋህ ዛሬ አምስተኛ ቀንህ ነው። ወደ ቁፋሮው ካምፕ ስትሄዱበት የነበረውን መኪና ከነሹፌሩ ትናንት በረሃው መካከል ተበላሽቶ አገኙት። ሹፌሩ እንደሚለው፣ ለተሰበረው ዕቃ መለዋወጫ ስላልነበረ "ካምፑ ቅርብ ነው፣ ደርሼ ይዤ እመጣለሁ" ብለህ ጀሪካን ውሃ አንጠልጥለህ በእግርህ ሄድክ። መካኒክ አይደለህ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ መቼ ይሆንልሃል! የለበስከው ያን እኔ የተኮስኩልህን ሰማያዊ ሸሚዝ ነው።

የቁፋሮ ድርጅቱ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። "ውሃ አያጣም፤ በዚያ መስመር የቆፈርናቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ከመሄዱ በፊት በካርታ አሳይተነዋል። ፀሐዩንም ጥላ ፈልጎ ያሳልፈዋል። እኛን ያሰጋን የሌሊቱ ብርድ ነው፣ እህቴ። ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ያድራል። ለመሆኑ ምን ልብስ ይዟል?" አለኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ዓይኔ ከበሩ ኋላ ወዳለው መስቀያ ሄደ። ካፖርትህ እዚያው ተሰቅሏል።

"ወፍራም ልብስ አልያዘም" አልኩት።

"ምነው? የነገረው ሰው የለም?"

ስልኩን ዘጋሁት። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ላንተ የምጽፈውም እሱኑ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ሆነህ በእኔ እጅ የተማርክበትን ዓመት አስታውስ። "እቤት እትዬ በለኝ፣ ክፍል ውስጥ ግን ቲቸር ነኝ" ብዬ አስጠንቅቄህ ነበር። ጥያቄህ ማለቂያ ስለሌለው ሰፈሩ በሙሉ "ለምን" እያለ ነበር የሚጠራህ። "ለምን መጣ"፣ "ለምንን ጥሩልኝ" ይሉ ነበር። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ "በረሃ ማለት በጣም ሞቃት ቦታ ማለት ነው" ብዬ ጻፍኩ። እጅህን አወጣህ።

"ቲቸር፣ በረሃ እኮ ይበርዳል። አባባ ነግሮኛል።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባባ ከሞተ ገና ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ፣ በረሃውን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሰው! እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ። ልጆቹ በእኔ የሳቁ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

"አባባ ሹፌር ነበር። አስተማሪዋ እኔ ነኝ" አልኩህ።

እግዚኦ! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። በዚያም አልበቃኝም፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሃምሳ ጊዜ አስጻፍኩህ። እቤት ገብተን ምሳ ሳቀርብልህ ቀና ብለህ አላየኸኝም። ጣትህ በቀለም ተበላሽቶ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ለስልጠና ተላክሁ። አሰልጣኙ ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ። "በረሃ ምንድን ነው?" ቢሉን አርባ መምህር ባንድ ድምፅ "ሙቀት!" አልን። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "በረሃን በረሃ የሚያሰኘው የዝናብ ማነስ ነው፣ ልጆቼ። ከዓለም ትልቁ በረሃ አንታርክቲካ ነው፤ ሂዱና ሙቁበት! ሞቃቱ በረሃም ቢሆን ደመና የለው፣ እርጥበት የለው፤ ፀሐይ ከገባች ሙቀቱን ማን ይይዝለታል?" አሉ። በዚያው ቀጠሉ፤ ካርታ ላይ ደቡብ ከታች ስለተሳለ ወንዝ ሁሉ ወደ ደቡብ አይፈስም፤ በጋ የሚሆነው መሬት ወደ ፀሐይ ስለቀረበች አይደለም፤ ግሪንላንድ ካርታችሁ ላይ አፍሪካን አክላ ብትታይም አፍሪካ አስራ አራት ጊዜ ትበልጣታለች። ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ለልጆች ገልብጬ ሳስተምር ነው የከረምኩት። ያኔ ያወጣኸው እጅህ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

ስመለስ በሩ ላይ የጎረቤት ራዲዮ ፈታተህ ተቀምጠሃል። "እትዬ፣ ምን ተማርሽ?" አልከኝ። እውነቱ አፌ ድረስ መጣ። "ምን አዲስ ነገር አለ፣ የምናውቀውን ነው" ብዬህ ገባሁ። የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ተሳስቼ ነበር ማለት ከበደኝ። በማግስቱ ግን ለተማሪዎቼ አስተካክዬ አስተማርኩ። ከዚያ ወዲህ በእጄ ያለፈ ልጅ ሁሉ በረሃ እንደሚበርድ ያውቃል፤ ካንተ በቀር።

እሺ፣ ያስ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በረሃ ስትሄድስ ምን ነካኝ? ካፖርቱ አልገባ ብሎህ ከሻንጣው ጋር ትታገላለህ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሊሰናበትህ መጥቶ ተቀምጧል። ድንገት ካፖርቱን መዝዘህ አወጣህና ሳቅክ።

"ቆይ፣ ለበረሃ ካፖርት ምን ያደርግልኛል? ሃምሳ ጊዜ ጽፌዋለሁ እኮ!"

ዳይሬክተሩ ጭኑን መታ። "አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው! ከአስራ ስድስት ዓመት በኋላም አልረሳውም!" አለ።

እኔም ፈገግ አልኩ። ወንድሜ፣ ፈገግ አልኩ! ካፖርቱንም ከእጅህ ተቀብዬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። መኪናው ጋ ስንደርስ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ዕቃ ተጫነ፣ ክላክስ ተነፋ፣ አቅፈህ ስመኸኝ ሄድክ። በስልክ እነግረዋለሁ አልኩ። እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

ዛሬ ከኃላፊው ጋር ተነጋግረን ስልኩ እንደተዘጋ ድርጅቱ ቢሮ ሮጬ "እኔንም ውሰዱኝ" ብዬ ለመንኩ። ኃላፊው እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። "ቦታ የለም፣ እህቴ። ደግሞ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ የነገው የመጨረሻው ፍለጋ ነው" አለኝ። ጠዋት ካፖርት አመጣለሁ ስለው "ብርድ ልብስ ይዘናል እኮ" አለ። "ይሄ የሱ ነው" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ወጥቼ ዳይሬክተሩ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። አላጽናናኝም፤ ስላላጽናናኝም ደስ አለኝ።

ፈላጊዎቹ ፎቶህን ስለጠየቁኝ የወረቀቶችህን ሳጥን ከፈትኩ። ከፎቶው ስር የሰባተኛ ክፍል ፈተናህ ወጣ። አስረኛው ጥያቄ "በረሃ ምንድን ነው?" ይላል። ያን ሁሉ አስጽፌህ እንኳ፣ በዚያ ጠማማ ጽሕፈትህ "ዝናብ የማይዘንብበት ቦታ ነው። ቀን ይሞቃል፣ ማታ ይበርዳል" ብለሃል። እኔ በቀይ ኤክስ አድርጌበታለሁ። ዘጠኝ ከአስር። አሁን ሳስበው፣ ከዚያ ፈተና በኋላ ክፍሌ ውስጥ እጅህን አውጥተህ አታውቅም። በዚያው አመንከኝ። ምነው ባላመንከኝ!

ኤክሱን ሰርዤዋለሁ። አስር ከአስር ሰጥቼህ ፈርሜበታለሁ፤ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፏል። አባባም ልክ ነበር፣ አንተም ልክ ነበርክ።

አፈር ስሆንልህ፣ የመኪና ድምፅ ስትሰማ ካለህበት ጥላ ውጣና ይዩህ። ተገኝልኝ ብቻ። መጥተህ በሩ ላይ ቁም፤ ጎረቤቱም ዳይሬክተሩም ባሉበት "እትዬ፣ ለምን?" በለኝ። እስኪበቃህ ጠይቀኝ። አልቆጣም፣ አላስጽፍህም፤ ቁጭ ብዬ እመልስልሃለሁ።

እጅህን እስክታወጣ የምጠብቅ፣
እትዬ