ስሜን ለሰሊጥ መጋዘኑ ሳስጽፍ

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣ ለኔም እናት ለሆኑት ለእናታለም፤

እንዴት ከርመዋል? ወገብዎን እንዴት አደረገዎ? ማሽላው ዘንድሮ ደህና ያዘ ወይስ እንደ አምናው በረዶ መታው? የዚያ አገር ተኩስ ወሬ እዚህ ገዳሪፍ ድረስ ይሰማልና ስለ እርስዎ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። እኔና ብፅአት በሕይወት አለን፣ ተመስገን። ብፅአት አድጋለች። አረብኛውን ከእኔ አብልጣ ትናገራለች። «አያቴ ጥርስ አላት?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ ምን ብዬ ልመልስላት?

ልጅዎ ትግሉ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ለአጨዳ ከሄደ ወዲህ የምማከረው ሰው አጣሁ። ይህን ሁሉ ለእርስዎ መጻፌም ለዚህ ነው።

ሓጅ እስማኤል የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ የሰሊጥ መጋዘን አላቸው። እኔ በሳምንት ጥቂት ጠዋት እየሄድኩ ሰሊጥ አበጥራለሁ፣ ጠጠሩንና አፈሩን እለያለሁ። በአጸዳሁት ጆንያ ልክ ይከፈለኛል፤ ሥራ ከሌለ ቤቴ እውላለሁ። ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ «ሐበሻዋ» ነው የሚሉኝ።

በቀደም ሓጁ እኛን ሴቶቹን ሰበሰቡና፣ ከእንግዲህ ያለ ቢጣቃ መጋዘናቸው ውስጥ የተገኘ ሰው እሳቸውን እንደሚያስጠይቃቸው ነገሩን። ቢጣቃ የሚሉት ፎቶ ያለበትን የሥራ መታወቂያ ነው። የፈለገች ደመወዝተኛ ሆና ትጻፍ፤ ቀኗ ይታወቃል፣ በወር ይከፈላታል፣ ቢጣቃ ታንጠለጥላለች። ያልፈለገች በግሏ ትሥራ፤ ጆንያው በጋሪ ቤቷ ይምጣላት፣ እዚያው አጽድታ ትመልስ። ቢሰረቅም ቢረጥብም ኪሳራው የራሷ ነው፤ ስም የለ፣ ፎቶ የለ። አስባችሁ ንገሩኝ አሉን።

ይሄ ምኑ ያስፈራል ይሉኝ ይሆናል። የስደተኛ ካርዴ የኡም ራኩባ ካምፕ ነው፤ የካምፕ ሰው ደግሞ ያለ ፈቃድ ከተማ ከተገኘ ጥፋተኛ ነው። ስሜን ባስጽፍ ከመጋዘኑ ወጥቶ ማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም። ባላስጽፍ ደግሞ ከሻ አለ። ከሻ የሚሉት አፈሳውን ነው፤ እዚህም ጦርነት ከመጣ ወዲህ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው ከመንገድ እየለቀሙ መኪና ላይ ይጭናሉ። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ የት እንደደረሰ አይታወቅም።

አብራኝ የምታበጥረውን ናጂያን አማከርኳት። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከቋራ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ነው ያደገችው። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ስምሽን አንዴ ከሰጠሽ መልሰሽ አታገኚውም። እኔ ወንፊቴን ይዤ ከመጋዘን መጋዘን እዞራለሁ፤ ወላሂ የማንም አይደለሁም» አለችኝ።

ትግሉም ሲሄድ የመከረኝ ይህንኑ ነበር። ያውቁት የለ፣ ከልጅነቱ ለሰው ማደር አይወድም። የእርሻው ወኪል ስምህን ልጻፍና ወረቀት ልስጥህ ቢለው፣ ለጥቂት ሳምንት አጨዳ ብዬ ስሜን አላስይዝም፣ በግሌ ነው የምሠራው ብሎ እምቢ አለ። እኔም የሱን ቃል ይዤ ጆንያውን ቤቴ ላስመጣ ወሰንኩ።

ይህንኑ ለሓጁ ልነግር ብፅአትን ይዤ ስሄድ ድልድዩ ጋ ወታደሮች አስቆሙን። ከፊቴ ሻይ የምትሸጠው ለተሃይማኖት ነበረች። ቢጣቃ ሲሏት እሳት ላይ ማንቆርቆሪያ ጥጄ ነው የመጣሁት፣ ልመለስ ብላ ለመነች። ክንዷን ይዘው መኪናው ላይ አወጧት። የኔ ተራ ሲደርስ ብፅአት ከጀርባዬ ሆና ወታደሩን በአረብኛ «አጎቴ፣ ውሃ አለህ?» አለችው። ሳቀና እለፊ አለኝ። ያሳለፈን የልጅቷ አፍ ነው። ለተሃይማኖት ከላይ ሆና አየችኝ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ለሓጁ ነግሬ ከተመለስኩ ወዲህ ከቤት አልወጣሁም። ጆንያው መጣልኝ፣ በሬን ከውስጥ ቀርቅሬ አበጥር ጀመርኩ። ወንፊቱ ሲንሾካሾክ ውጭ ሰው የቆመ ይመስለኝና እጄን ገትቼ አዳምጣለሁ። መኪና ሲያልፍ እስኪርቅ ድረስ አልተነፍስም። በግሌ ነው የምሠራው እያልኩ እንደ እስረኛ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የብፅአትን አፍ በእጄ ያዝኩ። ደግሞ ተንኳኳ። ከዚያ አንድ ሰው ትግርኛ ባለበት አማርኛ «አትፍሪ፣ ሃፍቱ ነኝ፤ ከትግሉ ጋር የማጭደው» አለ። ከፈትኩለት። የትግሉን ጃኬት አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ነበር። ውሃ ብሰጠው ጣሳውን ያዘ እንጂ አልጠጣም።

ሃፍቱ ስሙን ለወኪሉ አስጽፎ ስለነበር መንገድ ላይ ኬላ ሲያስቆማቸው ወረቀቱን አሳይቶ አልፏል። ትግሉን ከሌሎቹ ጋር አስቀሩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሃፍቱ ነግሮኛል፤ እኔ ግን በወረቀት ልጽፈው አልችልም። እሱ ከሄደ በኋላ ወንፊቴን አነሳሁ። ሰሊጡንና ጠጠሩን መለየት አቃተኝ፤ ያጸዳሁትንም ያላጸዳሁትንም አንድ ላይ መልሼ ጆንያው ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ሓጅ እስማኤል ዘንድ ሄጄ ይጻፉኝ አልኳቸው። ጸሐፊያቸው ስሜንና የአባቴን ስም ጠየቀኝ። ቀጥሎ ባልሽ ማነው፣ የት ነው የሚሠራው አለኝ። ሓጁ፣ ጆንያዋን ልትመልስ አብራኝ የመጣችውን ናጂያን አዩ፤ ናጂያ መሬት መሬቱን አየች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ጸሐፊውን «ተዋት፣ እሷን ብቻ ጻፍ» አሉትና እጃቸውን ዘርግተው እንደ ልቅሶ ቤት ፋቲሃ በከንፈራቸው አነበቡ። መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ወንፊታቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ።

አሁን ቢጣቃው አንገቴ ላይ ነው። ፍርሃቱ ለቀቃት ብለው እንዳያስቡ። በፊት የማያውቀኝን ወታደር እፈራ ነበር፤ አሁን ስሜን ማን ያነበው ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ለተሃይማኖት እስካሁን አልተመለሰችም። ናጂያ ዛሬም በግሏ ነው የምትሠራው፤ ስትዘገይብኝ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ። ብፅአት የአባቷን ጃኬት ለብሳ ትውላለች፤ እጅጌው መሬት ይጠርጋል። ልጠበው ብላት አላስነካ አለችኝ።

እናታለም፣ ወደዚህ እመጣለሁ እንዳይሉ፤ መንገዱ ለጎልማሳም አልሆነ። ይህ ደብዳቤ ሲነበብልዎም ብቻዎን አይሁኑ፣ ጎረቤት ይጥሩ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ የትግሉን የክርስትና ስም ይላኩልኝ። እዚህ ያሉት ቄስ ያለ እሱ ጸሎቱ አይሆንም ብለውኛል፤ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ቶሎ ቢደርሰኝ ደግ ነው።

አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። እጅዎን የሚይዝ ሰው አያሳጣዎ። ብፅአት ጉልበትዎን ትስማለች፤ እኔም እግርዎ ላይ ወድቄ እስማለሁ።

ልጅዎ፣
የብፅአት እናት