መቀሴ ሰምታ ዝም አለች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጠዋት ልብስ አጠብኩ፤ ከሰዓት ሠለጠንኩ። የልጅ ልጄ በስልክ ድምፅ መላክ አስተማረችኝ። ተጭኖ ማውራት፣ ሲጨርሱ መልቀቅ... በቃ። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይሄን ነው?
ወዲያው ለመቀሴ ላክኩላት። ልብስ ስፌት ቤት ሠላሳ ዓመት እሷ ስትቆርጥ እኔ ስሰፋ ኖረናል። ልጇ ሩቅ አገር ከወሰዳት ወዲህ እኔ ስነቃ እሷ ትተኛለች፤ በስልክ አልተገናኘንም።
አሥራ አንድ ደቂቃ አወራሁ። «እማማ፣ ይሄማ ስብሰባ ነው» አለች የልጅ ልጄ። ማን ጠየቃት?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ሦስት ድምፅ ላክኩ። መቀሴ የውኃ ሽታ። የልጅ ልጄን ጠየቅኳት።
«ሰማያዊ ምልክት ካለው ሰምታዋለች።»
ሰማያዊ ነው። ሰምታ ነው ዝም ያለችው? ምን አልኳት... ምራቷን አማሁ እንዴ? አዎ፣ ትንሽ። የጀመረችው ግን ራሷ ናት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ከሰኞ ጀምሮ አልላክኩም። ግድግዳ እንኳ ያስተጋባል። ኩርፊያ ከሆነ እኔም አውቅበታለሁ። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።
መሳቢያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቢጮኽስ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
የመቀሴ ልጅ ደወለ።
«እትዬ፣ ምነው ጠፉ? እማዬ ያለ እርስዎ ቁርስ አልበላም ብላለች።»
«የጠፋችው እሷ ናት። አንድ ቀን መልሳልኝ አታውቅም።»
«ኧረ ትመልሳለች። ድምፅዎን ትከፍትና አብራ ታወራለች። ትስቃለች፣ ትቆጣለች... አንዱኑ በቀን አምስቴ። ተጭነሽ አውሪ ስላት ‹እዚሁ እያወራችኝ ምን ያስጫነኛል› ትላለች። እንዲያውም ተቀይማዎታለች።»
«በምን?»
«‹ድሮም እንዲህ ናት፤ ተራ አትሰጥም› ብላ።»
ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ። ተራ አትሰጥም... እኔ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26
አሁን ገባኝ። አንድ ነገር እላለሁ፣ ጣቴን ሳላነሳ ዝም እላለሁ። እስክትጨርስ። ከዚያ እቀጥላለሁ።
ዛሬ የልጅ ልጄ አዳመጠችና «እማማ፣ እዚህ ጋ ባዶ ነው፤ ተበላሽቷል» አለች።
«ባዶ አይደለም። መቀሴ እየመለሰች ነው» አልኳት።
ልጇ «ቁርሷን ጥርግ አድርጋ በላች» ብሎ ጽፏል።
ነገ ስለ ጉልበቷ ሕመም እጠይቃታለሁ። የጉልበቷ ነገር ደግሞ ረጅም ነው... ወንበር ስቤ ነው ዝም የምላት።