መርጌታ የሚወጡበት በር

ሐምሌ 21

ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። ግቢው ኩሬ ሆኗል። ውኃው ከበሩ ደፍ ግን አላለፈም። የባለቤቴ የመርጌታ አያት ቤቱን ሲሠሩ አውቀው ነው ደፉን እስከ ጉልበት ያደረሱት። ፎገራ ላይ ውኃን ረስቶ ቤት የሚሠራ የለም።

ከሰዓት ልጄ ሰገን ከባሕር ዳር የላከችው ዕቃ ደረሰ። ተሽከርካሪ ወንበር! አዲስ፣ ጥቁር፣ ፍሬን ሁሉ ያለው። ተባረኪ ልጄ። መርጌታ ከአልጋቸው ሆነው አዩት፤ ሳቁ። ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም።

ላስገባው ብል አይገባም። በጎን አዞርኩት፣ እንቢ። አጣጠፍኩት፣ ገባ። ታዲያ ታጥፎ የገባ ወንበር ሰው ይዞ እንዴት ይወጣል? በሩ እንኳን ወንበር፣ እንግዳም ጎንበስ ብሎ በጎኑ ነው የሚገባበት።

በሩ ይሰፋል። አለቀ።

ሐምሌ 24

"ሁለት ጎረምሳ ልጥራና ተሸክመው ያውጡዎት?" ብላቸው ተቆጡ። መቆጣታቸው ልክ ነው፤ መጠየቄ ነው ጥፋቱ። ከሆስፒታል ስንመለስ በቃሬዛ ያስገባናቸው ቀን ምለዋል። "ከዚህ ቤት በሰው ሸክም የወጡት አባቴ ናቸው። ያውም ተገንዘው። እኔ አልሞትኩም። ሚካኤልን! በቁሜ ተሸክሞ የሚያወጣኝ የለም።"

በሚካኤል ከማሉ በኋላ ማን ይነካቸዋል? ያን ጊዜ የገቡ እስከ ዛሬ አልወጡም። ፀሐይን በመስኮት ነው የሚያዩዋት።

ማታ ላይ ቀስ ብለው፣ ያ የተሳሰረ አፋቸው እየታገላቸው፣ "ይታይሽ… ለኅዳር ሚካኤል ቁሐር አድርሺኝ" አሉኝ። ፊደል የቆጠሩት፣ ድቁና የተቀበሉት እዚያ ደብር ነው። ከዚህ ከወረታ ባጃጅ ይዞ መሄድ ነው፣ ሩቅ አይደለም። ሩቁ ይሄ በር ነው።

አደርስዎታለሁ አልኳቸው። ባልኩት እገኛለሁ።

ሐምሌ 29

ሰፈራችን ቅርስ ሆኗል ለካ! "ጥንታዊ የካህናት ሰፈር" የሚል ታፔላ ሲተከል አይቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ጌጥ መስሎኝ። ኮሚቴው ሳያይ ምስማር አይመታም አሉኝ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ገበያው! ከኛ ሁለት አጥር ወዲያ ያደገው፣ ከመርጌታ እግር ሥር ዳዊት የደገመው። የሚካኤል ማኅበራችንም አንድ ነው።

"እትዬ ይታይሽ፣ ማመልከቻ ያስገቡ። ኮሚቴው መጥቶ ቤቱን ያያል።"

"አንተ ቤቱን አታውቀውም?"

"እኔማ አውቀዋለሁ። ኮሚቴው ነው የማያውቀው።"

"ኮሚቴው አንተ አይደለህ?"

"እኔ ሰብሳቢ ነኝ።"

ይሄን ደግሞ ምን ይሉታል? ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ ተማሪ የለም። ማመልከቻውን ግን ጻፍኩ። እጄ አይሰበር።

ነሐሴ 18

ኮሚቴው መጣ። ገበያው፣ ሰውመሆን የሚሉት መሐንዲስ፣ መባ የምትባል የቅርስ ባለሙያ። ፎቶ አነሱ፣ ለኩ፣ ግድግዳውን እንደ ላም ዳበሱት። ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"እንዴት ያለ በር ነው! ሰው ሲገባ አንገቱን እንዲደፋ እኮ ነው። ትሕትና!"

"የኔ ልጅ" አልኳት፣ "እኒያ አልጋ ላይ ያሉት ሰውዬ ትሕትና ሞልቷቸዋል። ያጡት ፀሐይ ነው።"

መርጌታ ደግሞ ሰምተው ኖሯል። "ገበያው… ፀሐይዋ ዛሬም ክብ ናት?" አሉት። ሳቀ። ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

ደህና ምልክት ነው? እንጃ… ሲወጣ ደፉን ተሻግሮ ዞር ብሎ በሩን አየው። እንደ ሰው ነው ያየው።

መስከረም 5

መልሱ መጣ። "የፊት ገጽታው አይነካም። በጓሮ በኩል መክፈት ይቻላል።"

በጓሮ! ጓሮው ምን አለው? ቦይና ሽንት ቤት። ውኃው እስከ ጥቅምት ከዚያ ንቅንቅ አይል። ቢሆንም ለመርጌታ ነገርኳቸው፤ ከምንም ይሻላል ብዬ።

"በጓሮ? ምን ሰርቄ?" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምሳም አልበሉ።

በንዴት የምሆነውን አጣሁ። ድንጋይ ሊያዩ ይመጣሉ፣ ሰው አያዩም! ቤቱ ታሞ ቢሆን እኮ ሐኪም ይልኩለት ነበር።

መስከረም 6

ከጎረቤት ዲጂኖ ተዋስኩ። የበሩን ቀኝ ጎን መታሁት። አንዴ፣ ሁለቴ… አንድ ድንጋይ ወደቀ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ግን ወደቀ!

ሰው ተሰበሰበ። ገበያው ነጠላ ጫማውን አንዱን ጥሎ እየሮጠ መጣ። "እትዬ! ምን ሆነው ነው?"

"በር እያሰፋሁ!"

ማምሻውን እግድ በሩ ላይ ተለጠፈ። አሁን የጓሮውም ተከልክሏል። ጥፋቴ ነው? ነው። ብቻ ደስ ብሎኛል።

መስከረም 7

ድንጋዩን ልመልሰው ሞከርኩ። አልገጥም አለኝ።

መስከረም 20

ገበያው ቢሮ ሄድኩ። ልጮህበት ነበር የሄድኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና እሱ ቀደመኝ።

"እትዬ፣ ከመታጠፊያው ያለው ሰውዬ ባለፈው ዓመት በር ላስፋ ብሎ መጣ። አዘንኩለት፣ ፈረምኩለት። አሁን ሂደው ይዩት። የሚጠቀለል የብረት መዝጊያ ያለው ሱቅ ሆኗል። ጎኑን በብሎኬት ሠርቶታል። እኔ ነኝ የፈረምኩት! ለርስዎ ዛሬ ብፈርም ነገ አሥር ሰው 'ለይታይሽ ፈቅደህ' ይለኛል። ሰፈሩ ያልቃል።"

"እኔ ሱቅ እከፍታለሁ?"

"እርስዎ አይከፍቱም። ከርስዎ በኋላ የሚመጣውስ? ማን ዋስ ይሆነኛል?"

ወጥቼ መታጠፊያው ጋ ሄድኩ፣ አየሁት። እውነቱን ነው። የማውቀው ቤት ነበር፤ አሁን ሳሙናና ጀሪካን ተደርድሮበታል። አስቀያሚ!

እና ምን ይሁን? ለዚያ ሰውዬ ኃጢአት መርጌታ ይታሰሩ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ዝም ካልኩ የምነቅዝ ይመስለኛል።

ጥቅምት 11

ነገ የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነው። ተራችን ነው። ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ተጋግሯል። ጽዋው ካለፈው ወር ጀምሮ እዚሁ ነው፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

ሳየው ሳየው ዋልኩ። ቂም የያዘ ሰው ከጽዋው አይቀምስም። መጀመሪያ ይታረቃል። ባለተራዋ ራሷ ቂም ከያዘችስ? ጽዋው አይከፈትማ።

እኔ ደግሞ ይዣለሁ። እንዴት አድርጌ ነው "አልያዝኩም" ብዬ የምከፍተው? ሚካኤል ፊት አልዋሽም።

ለመርጌታ አልነገርኳቸውም።

ጥቅምት 12

ሳይረሳኝ ልጻፈው።

ማኅበርተኛው መጣ። እንደ ወትሮው አንድ ባንድ፣ ጎንበስ፣ በጎን። ገበያውም ገባ። ቄስ ገብረ ኪዳን ጸሎቱን አድርሰው "በይ ይታይሽ፣ ጽዋውን አቅርቢ" አሉኝ።

"አላቀርብም አባ።"

ቄሱ ቀና አሉ።

"ምን አልሽ?"

"ቂም ይዣለሁ። ቂም ተይዞ ጽዋ አይከፈትም።"

"ከማን?"

"ከገበያው!" ጣቴን ቀሰርኩበት።

ገበያው ፊቱ ተለዋወጠ። "አባ፣ ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው። ከማኅበር አይገባም።"

"ከቢሮ ስትወጣ ሌላ ነፍስ ታወጣለህ እንዴ?" አሉት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ተናገሩ ተባልን። እኔ የመርጌታን መሐላ፣ ወንበሩን፣ ቁሐርን ተናገርኩ። እሱም የሱቁን ነገር ተናገረ፤ ደህና አድርጎ ተናገረ፣ ይውጣለት። ጎረቤቴ አማከለች ሳትቀር ራሷን እየነቀነቀች "እውነቱን ነው፣ ሰፈሩ እኮ አለቀ" አለች። ወይ ጉዴ! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠላዬ ልሸነፍ ነው?

ቄሱ ገበያውን ዞር ብለው አዩት። "ምን ቢደረግልህ ትፈቅዳለህ?"

"ቤቱ ሱቅ እንዳይሆን፣ እንዳይፈርስ ዋስ ትጥራ። አንድ ሰው ግን አይበቃኝም። ባለፈው አንድ ሰው ነው ያታለለኝ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዋስ መሆን ቀላል ነገር ነው? ሰው ስንቱን አይቷል።

ከዚያ ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። "እኔ ዋስ ነኝ።" አማከለች ተነሳች፤ "እኔም።" አጠገቧ ያለው ተነሳ። ወዲያ ማዶ ያለው… አንድ ባንድ ቤቱ ሁሉ ቆመ። እንባዬ መጣ። ዋጥ አደረግኩት፣ ጊዜው አልነበረም።

"እንግዲህ" አሉ ቄሱ፣ "ማኅበሩ በሙሉ ዋሷ ነው። ገበያው፣ አንተስ ማኅበርተኛ አይደለህ?"

ገበያው ራሱን አከከ። "ነኝ።"

"ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል? ተነሳ!"

ተነሳ! ለራሱ ቢሮ ራሱ ዋስ ሆኖ ቆመ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከአልጋው በኩል መርጌታ "ገበያው… እንዳትሸሽ!" ሲሉማ እሱም አልቻለም፣ ሳቀ።

"ኮሚቴውን እኔ አሳምናለሁ" አለ። "ግን አንድ ድንጋይ አይጣልም። ሲሚንቶ አይነካውም። አሮጌው መዝጊያ ይቀመጣል፣ ከጎኑ እሱን የመሰለ ይጨመርበታል። ደፉም እንዳለ ይቆያል።"

"ደፉንማ ማን ይነካዋል? ጎርፉን አንተ ልትመልስልኝ ነው?"

ይቅር ተባባልን፣ ተሳሳምን። ጽዋው ተከፈተ። እሱ ቀመሰ፣ ቀጥዬ እኔ። ጠላዬ ግሩም ወጥቶ ነበር።

ጥቅምት 19

ተፈረመ። መባ ወረቀቱን ይዛ ራሷ መጣች። የድሮው በር እንዳለ ቀርቶ ቢሆን ደስ እንደሚላት አልደበቀችኝም። ቅር እንዳላት አውቃለሁ። ይበላት።

አይ፣ እንዲህ አይባልም። ልጅቱ ቤቱን ወዳው ነው። ዳቦ ሰጠኋት።

ኅዳር 3

ግንበኛው አለኸኝ ድንጋዩን አንድ ባንድ እያወጣ በኖራ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ሲመልሰው እንዳይሳሳት። በደፉ ላይ ከውስጥም ከውጭም የድንጋይ ተዳፋት አበጀለት። ውኃ ያግዳል፣ ጎማ ያሳልፋል። መርጌታ ካልጋቸው ሆነው "እሱ ጠመመ… አሁን ቀና" እያሉ ሰውዬውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት።

ከሰዓት ግድግዳው ሲከፈት ፀሐይ ገባች። እግራቸው ላይ አረፈች። ብርድ ልብሱን ገለጡላትና እግራቸውን ዘረጉላት። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 12

ወጡ!

ጠዋት ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሥረው፣ ቀኝ እጃቸው ጎማው ላይ። ልግፋዎት ብል "ልቀቂኝ" አሉ። በአንድ እጅ የሚገፋ ወንበር ይዞራል እንጂ ይሄዳል? ዞረ። ግድግዳውን ገጨ። ቢጨንቀኝ ከኋላ በጣቴ ነካ አደረግኩት። እያወቁ ዝም አሉኝ። ተዳፋቱን ወጣን፣ ደፉን ተሻገርን፣ ወረድን። በሩ ላይ የቆመው ሰው እልል አለ።

ባጃጁ ላይ ግን ደግፎ ማውጣት ግድ ሆነ። መሐላውስ? ብዬ ብደነግጥ "የማልኩት ከቤት ስለመውጣት ነው። ቤቱን ወጥቻለሁ። ይሄ መደገፍ ነው" አሉ። መርጌታ ናቸው፣ ትርጓሜ አያጡም።

መንገዱን ሁሉ ግራና ቀኝ ሩዙ ይታጨዳል። ሰዉ ማጭዱን ይዞ እየቆመ ሰላም ይላቸዋል። ቁሐር ስንደርስ ታቦቱ ወጥቶ ነበር። አደረስኳቸው።

ሲመሽ ቤት ተመለስን። "ይግቡ እንግዲህ፣ ብርዱ" አልኳቸው።

"ተይኝ።"

"ምነው?"

"አልጠገብኩም።"

ደጁ ላይ ወንበራቸውን አዙረው ወደ ቤቱ እያዩ ተቀመጡ። ገበያው ከሥራ ሲመለስ ደረሰባቸው። "የኔታ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ቤቴን አያለሁ።" ቀኝ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። "ከውስጥ ሆኜ ረስቼው ነበር። ገበያው… ቆንጆ ቤት ነው። እንዳታስፈርሰው!"

ገበያው አፉን ይዞ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ክረምቱን ሙሉ የታገልኩላቸው ሰውዬ ከኮሚቴው ጋር ወገኑብኝ!

ጋቢ አመጣሁላቸው፤ ለራሴም ዱካ አውጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይግቡ ማለቱን ተውኩት።