ከድንበር የነቀልኩት አምላክ

ውድ አባዬ፣

«ድንበራችን ላይ የነበረው ድንጋይ የት ገባ?» ብለህ እማዬን ሳትጠይቅ አልቀረህም። እሷ አድበስብሳብህ ከሆነ እኔ እነግርሃለሁ። አስቀድሜ ግን፣ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ? የዙሪክ ብርድና የግንባታው ሥራስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ኀፍረት አንገቴን አስደፍቶኛል።

ከተመረቅኩ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ ጥንት ሮማውያኑ አምላክ ስለ ቴርሚኑስ እንድናገር ሲጋብዘኝ በደስታ ዘለልኩ። የላቲን ስሙ ወሰን ማለት ነው፤ ሥሩም «መሻገር» ከሚል እጅግ አሮጌ ቃል ይመዘዛል ይላሉ ሊቃውንቱ። የገረመኝ ግን ድንጋዩም አምላኩም በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ጎረቤታሞች በዓመት አንድ ቀን ከየበኩላቸው መጥተው አበባ ያለብሱት ነበር። ለአማልክቱ አለቃ ለጁፒተር መቅደስ ሲሠራ እንኳ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም ብሏል ይባላል። ይህን በዓይን ላሳይ ብዬ የእኛንና የጎረቤታችንን የአጎቴ ኤርሲሊዮን ማሳ የሚለየውን የድንበር ድንጋይ ነቅዬ በእጅ ጋሪ ወሰድኩት። ቦታው ላይ ምልክት እንኳ አላደረግኩም። ከሥሩ የወጡትን የጡብ ስባሪዎችም ቆሻሻ መስለውኝ ገደል ወረወርኳቸው።

ንግግሬ ሲያልቅ ተጨበጨበልኝ። ያኔ አጎቴ ኤርሲሊዮ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣና «እንግዲህ የኔ ምሁር፣ ድንጋዩ ራሱ አምላኩ ከሆነ፣ አሁን የኔን ወይራ ማን እየጠበቀልኝ ነው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ምስክሮቹንስ የት አደረግሻቸው?» ሲለኝ ግን ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ለካ አንተና እሱ አንድ ጡብ ለሁለት ሰብራችሁ የቀበራችሁት፣ ድንጋዩ ቢነሣ ስባሪዎቹ ቦታውን እንዲመሰክሩ ኖሯል! የስሙን ሥር ስቆፍር ከርሜ የአባቴን የእጅ ሥራ አላወቅኩም።

በማግስቱ ድንጋዩን ልመልስ ስሄድ ትራክተር አርሶበት ጉድጓዱ ጠፍቷል። አሮጌዋ ወይራ ከወሰኑ ወዲህ ትሁን ወዲያ ማናችንም እርግጠኛ አይደለንም፤ የወይራ ለቀማው ደግሞ ደርሷል። አጎቴ ኤርሲሊዮ ቢሰድበኝ በቀለለኝ። «አባትሽ ይጻፍልኝ፤ የሱ ቃል ለኔ ከጡብ ይበልጣል» ብሎ አንድ ፍሬ ሳይነካ ቁጭ ብሏል።

ወይራዋ በየትኛው ወገን እንደምትመስለኝ ልጽፍልህ ጀምሬ ሰረዝኩት። ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ አንተ እንደምታስታውሰው ብቻ በእጅህ ሥለህ ላክ። ፖስታውን በእሱ ስም አድርገው፤ ሳልከፍት አደርስለታለሁ።

እማዬ ናፍቆቷ በርትቷል። አያቴ ቪንቼንዛ የሱፍ ካልሲህን እንዳትረሳ ትላለች። አጎቴ ኤርሲሊዮም በደጃፋችን ሲያልፍ ሰላም ብሎሃል። ለእኔም አንድ መስመር ጨምርልኝ፤ ቁጣም ቢሆን።

ልጅህ ፊያሜታ
ሳቢና፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1963