«ጋቻት» ስላላችሁኝ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ኮልፌ ቀራንዮ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማደያ መስኮትዎ መጋረጃ ንቅንቅ ሳይል እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጥሩብርሃን፣ የሚጥል በሽታ ያለባት የሦስት ዓመቷ ማራኪ እናት ነኝ፤ ልጄ ጠዋትና ማታ ሽሮፗን ካልወሰደች እንደምትወድቅ ካርዷ ላይ ተጽፏል። ተናድጄ የጻፍኩ እንዳይመስልዎ፤ መናደድም አቅም ይፈልጋል፣ የኔ ካለቀ ሰንብቷል።

1ኛ. ልጄ መድኃኒቱን እየተፋች አስቸገረችኝ ብዬ ምክር ስጠይቅ፣ ባልደረባዎ ቀና እንኳ ሳይሉ «ጋቻት» ብለው በአንድ ቃል ስለገላገሉኝ አመሰግናለሁ። እኔም ታዛዥ ነኝና አፍንጫዋን ይዤ፣ በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ፣ አንጋልዬ ጋትኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ የቀረው ትን ብሏት ከንፈሯ ጠቆረ። በዚያ ሳምንት ሁለቴ ወደቀች፤ ምን ያህሉ ሆዷ እንደገባ እኔም እርስዎም አናውቅም። እንዲህ እያልን ሁለት ወር ገፋን።

2ኛ. በኋላ አንዲት ነርስ ኮሪደር ላይ ቆም ብላ፣ ሽሮፑ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ተለክቶ፣ ልጅቷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ በጉንጯ ውስጠኛ በኩል ጠብ ጠብ እየተደረገ፣ እስክትውጥም እየተጠበቀ እንደሚሰጥ አሳየችኝ። ሲሪንጁን ከክፍልዎ ስጠይቅ ግን፣ ሲሪንጅ የሚወጣው መርፌ ለታዘዘለት ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ መርፌ እንዳሳዝዝላት በትሕትና ተነገረኝ። ላለመውጋት የሚሆን ሲሪንጅ ለማግኘት ልጄን ማስወጋት! ወይ ሥርዓት አክባሪነት!

3ኛ. ሲሪንጇን 18 ማዞሪያ ሰፈር ካለ ፋርማሲ ገዛሁ። ትሠራለች፤ ነገር ግን በኔ እጅ አይደለም። ማራኪ እጄ ሲጠጋት ጥርሷን ነክሳ ትዘጋለች፣ ለጎረቤቴ ለፈትያ ግን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ፈትያ ትመጣለች፣ እኔ ወጥቼ በሩን ከውጭ ዘግቼ እቆማለሁ፣ ሲያበቃ ትጠራኛለች። ልጄ ካልወደቀች ይኸው አርባ አንድ ቀን ሆናት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እንጃ፣ ምንም አይሰማኝም። ትናንት ምሳ ላይ አንዲት ትንሽ ጉርሻ ጠቅልዬ ዘረጋሁላት፤ አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጉርሻዋን ራሴ በላኋት።

ለውለታዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለእርስዎ እጅ የምትነሣ፣ ልጇን የምታጎርስበት እጅ ግን ያጣች፣

አክባሪዎ ጥሩብርሃን

ማስታወሻ፦ ያስተማረችኝን ነርስ ስሟን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ለአንዲት እናት አባክነሻል ተብላ ማስጠንቀቂያ እንዳይጻፍባት ብዬ ነው።