ያወጣኋት ሬዚስተር

መርካቶ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ምስራ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጅማ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ያለ ሹራብ ወደ ዩኒቨርሲቲው እንዳትሄጂ። እናትሽ ደህና ናት፤ ወደ ጅማ በሚመጣው በጠይብ ቆጮና ቅቤ ልካልሻለች። ይህን ደብዳቤም የያዘልኝ እሱ ነው። ብደውልልሽ ድምፄ ይከዳኛል ብዬ ነው መጻፌ።

ለምድር ቤቱ ሱቆች የሠራሁትን የኔትወርክ ማጉያ ታስታውሻለሽ። «አባዬ፣ ትንሿን ሬዚስተር እንዳትተዋት። ጉልበቱን ብትቀንስም ታረጋጋዋለች። የምድር ቤቱ ገመድ ቢነቀልም ማጉያው በራሱ እንደማይጮህ ሳታይ እንዳትገጥመው» ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ «አንቺ ሳትወለጂ ሬዲዮ ስፈታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ» አልኩሽ። ሬዚስተሯን አውጥቼ ገጠምኩት። የሁሉም ስልክ ጥርት ብሎ ሠራ፤ ነጋዴው መረቀኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተሸካሚ ጆንያ ሲያወርድ የምድር ቤቱን ገመድ ነቀለው። ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲቀርብ እንደሚጮኸው ሁሉ ማጉያው በራሱ መጮህ ጀመረ። ጩኸቱ ለጆሮ አይሰማም፤ የጣሪያው አንቴና ግን እየረጨው የሰፈሩን ኔትወርክ ደፈነው። እኔ አላወቅሁም።

በዚያው ሰዓት የጎረቤታችን የብርሃኔ ሚስት ሐመልማል እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ቢሉ፣ ታክሲ ቢሉ፣ የማንም ስልክ አልሠራ አለ። በእጅ ጋሪ ጫንናት፤ ከገፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። አብነት ሰፈር ሳንደርስ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ በስንት መከራ አተረፏት።

ተመልሼ የማጉያውን ሳጥን ብነካው እንደ እሳት ይፋጃል። ከኃይል ነቀልኩት። ወዲያው የሰው ሁሉ ስልክ ይንጫጫ ጀመር።

ዝም አልኩ፣ ልጄ። ብርሃኔ ጋሪውን ስለገፋሁ ሊያመሰግነኝ ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ እንኳ ዝም አልኩ። «ጋሼ ሙነወር፣ የልጅቷን ስም እርስዎ ያውጡላት» ሲለኝ ግን አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

በራቸው ላይ ልጅቷን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ጠየቀኝ። «ጋሪውን ሲገፉ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ከዚያስ በኋላ?»

 ብርሃኔ ልጅቷን አቅፎ ወደ ውስጥ ገባ።

አሁን በበሩ ሳልፍ ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ቀና ብሎ ግን አያየኝም። ማጉያውን አውርጃለሁ። ለእረፍት ስትመጪ፣ ካላፈርሽብኝ፣ አጠገቤ ተቀመጪና ከሀ ጀምረሽ አስተምሪኝ።

አላህ ዕውቀትሽን ይባርክልሽ። ቃልሽን የሚሰማ ሰውም ይስጥሽ።

አባትሽ ሙነወር