ለ«ስቴፕማዘር» የሚሆን ምሳሌ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላታችን ኤስ ፊደል ላይ ደርሷል። ዕጣዬ ሆኖ «ስቴፕማዘር» እኔ ጠረጴዛ ላይ ወደቀች። ከስንቱ ቃል! አለቃችን (ነጠላ ሰረዝ ነው የምንለው፤ በየሦስት ቃሉ ትንፋሽ ይወስዳል) «ትርጉሙ ቀላል ነው፣ የእንጀራ እናት፣ ምሳሌውን ግን፣ ከሰው አፍ የሰማሽውን» አለኝ። የቢሯችን ሕግ ነው፤ ከራስ ፈጥሮ መጻፍ የለም።

ቤቴ ውስጥ የባሌ ልጅ እንዳለች ያውቅ ይሆን? እናቷ ከሞተች አራት ዓመት... እኔ ከገባሁ ሁለት። እስካሁን «እርስዎ» ትለኛለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ስቴፕ እዚህ ጋ ደረጃ አይደለም ለካ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ወላጅ የሞተበት ማለት ነው። የኛው «የእንጀራ» ደግሞ ስለ ማብላት ነው። ማብላቱንስ አበላለሁ።

የሰማሁትን ጻፍኩ። ጎረቤት፦ «ምነው እንደ እንጀራ እናት ፊትሽን አጠቆርሽብኝ?» ታክሲ ውስጥ፦ «የእንጀራ እናት ያሳደገችው ይመስል ይስገበገባል።» አንድም ደግ የለም። ለዚህ አይደል ልጅቷን ቆጣ ብዬ ተናግሬያት የማላውቀው? እርጥብ ፎጣዋን አልጋ ላይ ትጥላለች፤ ዝም ብዬ አነሳለሁ። ታመሻለች፤ ዝም። አባቷ «ተቆጫት እንጂ!» ይላል። ለሱ ቀላል ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ፎጣ። አነሳሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

አመለጠኝ። ከጨለመ መጣች፤ ስልኳ ዝግ፣ አባቷ መንገድ ሄዷል። እስከ ፌርማታው ስወርድ ስመለስ እግሬ አለቀ። ገና ከመግባቷ ጮህኩባት። «የት ነበርሽ? ነፍሴ ልትወጣ ነው እኮ! ፎጣሽንም ከዛሬ ጀምሮ ራስሽ አንሺ!» ፎጣውን ምን አመጣው?

«አንቺን ምን አገባሽ!» አለችና በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው። «እርስዎ»ም ቀረ።

አለቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠነቀቅኩትን በአንድ ምሽት አፈረስኩት። አሁን የምር የእንጀራ እናት ሆንኩ... አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጠዋት ፎጣው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።

ከሥራ ስመለስ የክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። ለጓደኛዋ በስልክ፦ «አይ፣ ዛሬ አልችልም ባክሽ። እናቴ አብዳለች። ካመሸሁ ትገድለኛለች፤ ነዝናዛ ናት እኮ!»

ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። ነዝናዛ! እኔ! ደስታዬን ምን ልበለው?

ልማድ ሆኖብኝ እስክሪብቶ አወጣሁ። ከሰው አፍ የሰማሁት ነው፤ ጥሩ ምሳሌም ነው። ግን ለደረሰኝ ቃል አይሆንም... «የእንጀራ» የምትለዋ የለችበትም። «ማዘር» ያለችበት ኤም ፊደል ደግሞ አምና ተዘግቷል።

ነገ ለነጠላ ሰረዝ የታክሲውን እሰጠዋለሁ።